እህቴ በበቅሎ የመጣችበት ሳምንት

እህቴ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ በሚያልፈው መንገድ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዛትም። ከቀኙ ይቀጥናል፣ ያጥራልም። ስትራመድ አንድ እጇን ጭኗ ላይ ተክላ እግሯን ወደ ፊት ትገፋዋለች። የልጅነት ልምሻ ነው። የስፌት መኪናዋን መርገጫ የምትመታው በቀኝ እግሯ ብቻ ቢሆንም፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ወደ እሷ ነው። የእሷ ስፌት ቶሎ አይተረተርም።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ እትዬ እላታለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ከደካ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መኪና በክረምት በማይደርስበት አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስለ እህቴ ማውራት ከጀመርኩ እንደማላቆም ባልደረቦቼ ያውቃሉ፤ ሳነሳት ገና ወንበራቸውን እያመቻቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የሚኮራበት እህት ያለው ሰው ቢያወራ ነውር የለበትም።

በቤታችን የክትባትን ነገር የምትከታተለው እሷ ናት። ከዘመድ አንዷ ስትወልድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትልና ወዲያው ሲወለድ የሚሰጠውን መውሰዱን ትጠይቃለች። ልጁ አርባ አምስት ቀን ሲሞላው ትደውላለች። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኙን ታስታውሳለች። ልጁ ዓመት አልፎት መሮጥ ሲጀምር ደግሞ ሁለተኛውን ኩፍኝ እንዳይረሱ ትጨቀጭቃለች። እናቶች ያንን የሚረሱት ልጁ ስለጠና ነው፣ የጠና ልጅ ደግሞ ያዘናጋል ትላለች። ኮሮና የገባ ጊዜ አባታችን እኔ አርጅቻለሁ፣ ለወጣቶቹ ይስጡልኝ ብሎ እምቢ ሲል፣ ይህ ክትባት ከሁሉ በፊት ለሽማግሌ ነው የመጣው ብላ ሞግታ፣ በመጨረሻ ክንዷን አስይዛው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲመለሱ እሷም እሱም ተከትበው ነበር። አባታችን ለጎረቤት ያወራው ግን እሱ እሷን እንደወሰዳት አድርጎ ነው።

የምተርከው ነገር የሆነው በቅርቡ ነው። ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ወደ ትምህርት ቤታችን የሚመጣበት ቀን ተነገረን። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቀልጣፋና ሳቂታ ወጣት ናት፣ ቀደም ብላ መጥታ ለተማሪዎቹ አስረዳች። ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት የሆኑ ልጃገረዶች በሙሉ እንደሚከተቡ፣ አንድ ጊዜ ክንድ ላይ ተወግተው እንደሚበቃቸው ነገረቻቸው። እኔም በክፍሌ ስለ ቫይረስ አስተማርኩ። ልጆቹ ጠየቁ፣ ሳቁ፣ የፈሩትም ፈሩ። ሁሉም ነገር ደህና የሆነ መስሎኝ ነበር።

በቀኑ የጤና ሠራተኛዋ በረዶ ያለበትን የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ ጭቃውን በቦቲ ጫማ እየረገጠች መጣች። ሰልፍ ላይ ስንቆም የሴቶቹ ረድፍ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከመጡት ጥቂቶች ውስጥ አብዛኞቹ የመምህራን ልጆች ናቸው። የቀሩት እቤት ነው የዋሉት። አንዷ ተማሪ ወንድሟን ልካ እናቴ ከልክላኛለች አለች። ቆይቶ እንደተረዳነው፣ ቀደም ሲል ቦንጋ ላይ መወራቱን የሰማሁት ወሬ እኛም ጋ በስልክ ከሰው ሰው ይዞር ነበር። መርፌው ሴት ልጅን መካን ያደርጋል ይላል። ወሬው ገበያ ውሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ውሎ፣ ከእኛ በፊት ቤት ለቤት ደርሷል።

የጤና ሠራተኛዋ የመጡትን ከተበች። ሳጥኗን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ቅያሜ አላየሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ተመልሳ እንደምትመጣ፣ እስከዚያ ወላጆቹን ብናነጋግር እንደሚሻል ነገረችኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢውን ማነጋገር ያስፈልግ ነበር። የእሳቸው ልጅም ቀርታለች። እሳቸው ልጃቸውን ካስቀሩ ሌላው ወላጅ ለምን ይልካል?

ሰብሳቢው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በማር ሥራቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ቀፏቸው ጫካው ውስጥ በየዛፉ ላይ ተሰቅሏል። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ እንጨቱን ያስቆረጡ፣ ልጁን ለእረኝነት ያስቀረ ወላጅ ሲያዩ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚቆጡ ናቸው። በማታው ቤታቸው ሄድኩ። በደንብ ተቀበሉኝ፤ ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ። ከበላን በኋላ የመጣሁበትን ነገር አነሳሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። ቀስ ብለው ነው የመለሱልኝ። የታመመ ሰው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ያ ይገባኛል አሉ። የእኔ ልጅ ግን አልታመመችም። ላልታመመች ልጅ መርፌ ለምን? ደግሞስ ከወንዶቹ ተለይቶ ለሴቷ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? የማውቀውን ያህል አስረዳሁ፤ ቫይረሱ ምን እንደሆነ፣ በሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚመጣ፣ ለምን በልጅነት መከተብ እንደሚሻል። ማህጸን የሚለውን ቃል ባለቤታቸው ፊት ሳነሳ እሳቸው ዓይናቸውን ወደ እሳቱ መለሱ፤ እኔም ድምፄ ቀነሰ። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ «መምህር፣ አንተን አምናለሁ። መርፌውን ግን አላውቀውም» አሉኝ። በዚያው ተለያየን።

እህቴ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንደምትመጣ የተቆረጠው ከወር በፊት ነው፤ ከክትባቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ትምህርት ቤታችን ለሴት ተማሪዎቹ ዩኒፎርም ያሰፋው እሷ ዘንድ ነበር፤ እሷን የመረጧትም ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። ቦንጋ ለስብሰባ ሄደው ስፌቷን በእጃቸው ጎትተው ካዩ በኋላ ነው የወሰኑት። ልብሱ ሲያልቅ እዚሁ መጥታ በልጆቹ ላይ ልትለካው፣ የረዘመውን ልታሳጥር፣ የጠበበውን ልትለቅ ተስማምታ ነበር። ከደካ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ግን ለእግሯ አይሆንም። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ በቅሎዬን ይዤ እመጣለሁ አሉ። ያቺን በቅሎ ለሰው አያውሱም፤ ለራሳቸውም ሲጓዙ እንጂ እንዲሁ አይጭኗትም።

ቅዳሜ ከቦንጋ የመጣው ሚኒባስ ደካ ሲደርስ እኔና ሰብሳቢው ቆመን እንጠብቅ ነበር። እህቴ ቀድማ ወረደች፤ ተከትላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ወረደች። ያለችን የእህት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሰብሳቢው በቅሎዋን ከድንጋይ ጋር አስጠግተው አቆሙላት። እህቴ በቅሎ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ቀኝ እግሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ ኮርቻውን ይዛ፣ እኔ ልደግፋት እጄን ስዘረጋ በዓይኗ ከለከለችኝና ራሷን አነሳች። ከተቀመጠች በኋላ ቀሚሷን አስተካከለችና የልብሱን ጥቅል ከኋላዋ እንድናስርላት ጠየቀች።

መንገዱ በጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማ ይይዛል። ሰብሳቢው ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከጎን፣ የእህቴ ልጅ ከኋላ ነበርን። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ነበር የምናወራው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ማሩ አወሩ። ትንሽ እንደሄድን ሰብሳቢው ዞር ሳይሉ፣ እግርሽ ምን ሆኖ ነው ልጄ ብለው ጠየቋት። ሰው ይህን ሲጠይቃት እህቴ አታፍርም፤ የልብስ ቁጥሯን የጠየቋት ይመስል ነው የምትመልሰው።

የተወለደችው ከቦንጋ ወጣ ባለ መንደር፣ ጫካ ዳር እንደሆነ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ በእኛ መንደር ክትባት የሚባል ነገር የሚያውቅ አልነበረም። ሮጣ የምትጫወት ልጅ ነበረች። አንድ ሰሞን አተኮሳት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሯ አልተነሳም። እናታችን ወጌሻ ጋ ወሰደቻት፣ ጠበል ወሰደቻት፣ የዛፍ ቅጠል ቀቅላ አሸቻት። አልሆነም። እስከዚህ ያለውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ግን ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

«ይሄ ወንድሜ ሲወለድ» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «እናቴ ቦንጋ ላይ እንዲህ ያለውን በሽታ የሚከላከል ጠብታ እንደሚሰጥ ሰማች። አዝላው ስትነሳ እኔም እሄዳለሁ ብዬ አለቀስኩ። እሱን በጀርባዋ፣ እኔን አንዳንዴ በእጇ አንዳንዴ በጎኗ አድርጋ ወሰደችን። ነርሷ አፉን ከፍታ ጠብ አደረገችለት። ለእኔም ጨምሪልኝ አልኳት። ጨመረችልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ እግሬን እየነካሁ መጠበቅ ጀመርኩ። አልተለወጠም። ለምን ብዬ እናቴን ስጠይቃት፣ ልጄ፣ ይሄ የሚረዳው ያልታመመውን ነው አለችኝ።»

 በቅሎዋ ጭቃውን እየመረጠች ትሄዳለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እኔ ሮጬ ያደግሁበትን ነገር እህቴ አጠገቤ ቆማ ለራሷ ስትለምን እንደነበር ማወቅ ለእኔ ቀላል አልነበረም። እሷ ግን እንደዋዛ ነው የተናገረችው። በኋላ ስጠይቃት፣ ያን ዕለት አንተ ስላገኘህ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የእኔም ይድናል ብዬ ስላሰብኩ ነው ያስጨመርኩት ብላኛለች።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ሰብሳቢው ቆሙ። አስበውበታል።

«የአንቺ እግር ሌላ፣ የልጄ መርፌ ሌላ። ምን ያገናኛቸዋል?» አሉ።

«አይገናኙም፣ ጋሼ» አለች እህቴ። «ስለዚያ መርፌ እኔ ብዙ አላውቅም። እሱን ወንድሜና የጤና ባለሙያዋ ይንገሩዎት። እኔ የማውቀው የእኔ ልጅ መከተቧን ነው።»

ሰብሳቢው ዞር ብለው ከኋላ የምትመጣውን ልጅ አዩ። መካን ያደርጋል የሚለውን ወሬ አልሰማሽም ወይ አሉ። ሰምታለች፤ ቦንጋም ተወርቶ ነበር። ወሬውን ሰምታ ፈርታ እንደነበርም አልደበቀችም። ያኔ ለእኔ ደውላ ጠይቃኛለች፤ ያዋለደቻትን አዋላጅ ሄዳ ጠይቃለች። የጤና ጣቢያው ሰዎች ሲሰለቹ እስኪታይ ድረስ ነው የጠየቀቻቸው። ከዚያ ልጇን ወስዳ አስከተበች።

«ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አለቻቸው። «የልጅ ልጅ የማየው ከእሷ ብቻ ነው። ቢያጠራጥረኝ ኖሮ እሰጣት ነበር?»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ድረስ የተወራው ስለ ንብ ነው።

ምሳ ሰብሳቢው ቤት ተዘጋጅቶ ስለነበር መጀመሪያ እዚያ ነው የገባነው። የሰብሳቢው ልጅ የእኔ ተማሪ ናት፤ በክፍል ከሁሉ በፊት እጇን የምታወጣ። ያን ቀን ግን ታፍራለች፣ ዓይኔን አታይም። ከምሳ በኋላ እህቴ ዩኒፎርሟን አውጥታ አለበሰቻት። እጅጌው ረዝሞ ነበር። እህቴ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታስተካክል፣ የልጅቷ እናት መጥተው አጠገቧ ቆሙ። የመውለጃቸው ጊዜ ሩቅ አይደለም። እህቴ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከትበው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልተከተቡም። እህቴ ልጇን አርግዛ ሳለች እንዲህ ባለ እግር እንዴት ትወልጃለሽ ያላት ሰው ብዙ እንደነበረ፣ እሷ ግን ክትትሏን ሳታቋርጥ፣ ክትባቱን ተከትባ፣ በሰላም እንደተገላገለች አጫወተቻቸው። ክትባቱ ለእርስዎም ነው፣ በሆድዎ ላለውም ነው አለቻቸው።

 ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በዚያ ቤት ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

የእሳቸው እናት የሞቱት ደም እየፈሰሳቸው ነው። የወር አበባ ካቆሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር ደሙ የጀመራቸው። ሕመሙ ከወገባቸው የማይለቅ ሆነ፤ ሽታ ስለነበረው ሰው እንዲጠጋቸው አይፈልጉም ነበር። ጎረቤት እርግማን ነው አለ። የሚያጥቧቸው ልጃቸው፣ እኒሁ የሰብሳቢው ባለቤት ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ ሴትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ፤ ባለቤታቸው በሩ አጠገብ ቆመው ይሰማሉ።

«መምህር፣ ይሄ መርፌ ለዚያ በሽታ ነው?» አሉኝ።

በዚያ ሰዓት ቃል መምረጥ ነበረብኝ። እናታቸው በምን እንደሞቱ እኔ ላውቅ እንደማልችል ነገርኳቸው፤ ሐኪም አላያቸውም። ግን የማህጸን በር ካንሰር የያዛት ሴት እንዲያ እንደምትሆን፣ ክትባቱም የተሠራው ያ በሽታ ገና ሳይጀምር ለመከላከል እንደሆነ ነገርኳቸው። በዚህኛው ጊዜ ማህጸን የሚለውን ቃል ድምፄን ሳልቀንስ ነው የተናገርኩት።

ሰብሳቢው የባለቤታቸውን እናት ሞት ያውቃሉ እንጂ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። በዚህ አገር ወንድ አማቱ የታመሙበትን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም፤ ሴትም አትነግረውም። ወደ ጓሮ ወጡ። በእንሰቱ መሃል ሲመላለሱ በበሩ ይታየኝ ነበር። እህቴ የእጅጌውን ስፌት ጨርሳ፣ ልጅቷን አዙራ አይታ፣ አውልቂው ብላ አጥፋ ስታስቀምጠው ተመለሱ።

«ሰኞ የመጀመሪያዋ የእኔ ልጅ ትሁን» አሉ። «ሰዉ እያየ ይሁን።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

እህቴ እሑድን በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ በእጅ መርፌ ስታሳጥርና ስትለቅ ዋለች። ዩኒፎርማቸውን ሊለኩ የመጡት ልጃገረዶች ከእናቶቻቸው ጋር ነበሩ። እናቶቹ የሚጠይቋት ስለ ልብስ ብቻ አልነበረም። የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ግን እኔን ትጠራለች። የእህቴ ልጅም ሥራ አልፈታችም። እኩዮቿ ከብበዋት አሞሽ ነበር ወይ፣ ክንድሽ አበጠ ወይ እያሉ ሲጠይቋት ሰማሁ። ትንሽ ያማል፣ በማግስቱ ይለቃል አለቻቸው። አጋንና እንዳልተናገረች ልብ አልኩ፤ የእናቷ ልጅ ናት።

ሰኞ የጤና ሠራተኛዋ ሳጥኗን አንግታ ስትመጣ ግቢው በወላጅ ተሞልቶ ነበር። ሰብሳቢው የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳለች።  ስትቀመጥ የእህቴ ልጅ ሄዳ እጇን ያዘች። የጤና ሠራተኛዋ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ ወጋች፣ አበቃ። ልጅቷ እንዲያው አልቋል ወይ በሚል ዓይን አየቻት። ሰብሳቢው ተሰብሳቢው እንዲሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ ተከትባለች፣ የእናንተስ አሉ። ሌላ ንግግር አላደረጉም።

ሁሉም አልመጣም። ሰልፉ ረዘመ፤ ነገር ግን አንዳንድ ወላጆች ዳር ቆመው አይተው ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ከእነሱም ጥቂቱ በሌላ ጊዜ መጡ፣ ጥቂቱ እስካሁን አልመጡም። ሰብሳቢው ቤታቸው ድረስ ሄደው አናግረዋቸዋል። ልጁን ለእረኝነት እንዳስቀረ ወላጅ አልተቆጧቸውም፤ እኔም አላምንም ነበር ብለው ነው የጀመሩት። ክትባቱ ካለቀ በኋላ ባለቤታቸው ቀስ ብለው ወደ ጤና ሠራተኛዋ ተጠግተው የራሳቸውን ጠየቁ። እሷም ወደ ጤና ኬላው ይዛቸው ሄዳ የመንጋጋ ቆልፉን ከተበቻቸው፤ ለተከታዩም ቀጠረቻቸው።

የወለዱት ጤና ጣቢያ ነው። ወንድ ልጅ። ሰብሳቢው በስልክ የደወሉልኝ ልጁ ተከትቦ ሲወጣ ነው። አፉ ላይ ጠብታ፣ ክንዱ ላይ መርፌ እንዳገኘ ነገሩኝ፤ ለእህትህ ንገርልኝ አሉ። ነገርኳት።  እሷም አርባ አምስት ቀን ሲሞላው ማስታወስ እንዳለብኝ ነገረችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቦንጋ በአንድ አዳራሽ ስለ ክትባት የሚመክር ስብሰባ ተጠራ። ከየወረዳው ጤና ባለሙያዎች፣ መምህራንና የሃይማኖት አባቶች መጥተዋል። የጤና ሠራተኛችን ስለ ትምህርት ቤታችን ተናግራ ኖሮ እህቴም ተጋብዛ ነበር። እኔ ወደ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ስሟ ሲጠራ ከመካከለኛው ረድፍ ተነሳች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ እሷ አልቸኮለችም። እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ አንድ አንድ እርምጃ እያለች መድረኩ ድረስ ሄደች። አዳራሹ ሙሉ ጠበቃት። ወደ መድረክ የሚወስድ መንገድ እንደዚያ ረዥም ሆኖ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም እንዲያጥር አልፈለግሁም።

አጭር ነው የተናገረችው። ልብስ ሰፊ እንደሆነች፣ ዶክተር እንዳልሆነች፣ በሽታውን ሳይሆን የበሽታውን ኋላ እንደምታውቅ ተናገረች። አንድ ልብስ ከተቀደደ በኋላ ልጥፍ እለጥፍበታለሁ፣ ልጥፉ ግን ይታያል አለች። ከዚያ ያስከተቡትን እናቶች አመስግና ወረደች። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ይህች ሴት ማን ናት አለኝ። እህቴ ናት አልኩት። ታላቅ እህቴ። 

ስብሰባው ሲያልቅ ባጃጅ ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው የሚነዳው። እህቴ ግን ደስ አላላትም። አንድ ነገር ረስቼ ወረድኩ አለች። ስለ ትልልቆቹ ሳልናገር ቀረሁ፣ ሰዉ ክትባት የሕፃን ብቻ ይመስለዋል አለችኝ። ነጂው በመስተዋቱ አየንና፣ የሕፃን አይደለም እንዴ አለ።

እህቴ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ባለቤትህ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ናት ወይ ብላ ጠየቀችው። ናት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን ጨርሳለች ወይ? አላውቅም አለ። አባትህስ አሉ? አሉ። በኮሮናው ጊዜ ተከትበዋል? እሱን እንኳ ተከትበዋል አለ፣ በትንሽ ኩራት። ጎሽ አለችው። ቀጥላ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ እንዳለው ጠየቀችው፤ የባለቤቱ እህት እዚያ ታጸዳለች። እንግዲያው በመርፌና በደም አጠገብ የሚውል ሰው ደግሞ የጉበቱን ክትባት ያስፈልገዋል፣ እሷን ጠይቃት አለችው።

ነጂው ዳገቱን እየወጣ ራሱን ነቀነቀ።  ቤቷ ደጅ ስንደርስ ሞተሩን አላጠፋም፤ ግን ወርዶ በሩን ያዘላትና፣ የባለቤቴን እንዴት ነው የምጠይቀው፣ የትኛው ቀን ይሻላል ብሎ ጠየቃት። እህቴ አንድ እጇን ጣሪያው ላይ ደግፋ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳው ጀመር። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ጠበቅሁ።